የሐቢባ እንጨት

ሳሊሃ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበችው። መጀመሪያ ዓይኗን ስላላመነች፣ ሁለተኛ ተሳስቼ ይሆናል ብላ። ሦስተኛ ጊዜ ያነበበችው ግን ንዴቷ እንዳይበርድባት ነው፤ እንዲህ ያለ ንዴት ለእሁድ ጠዋት እንደሚያስፈልጋት ታውቅ ነበርና።

"በጎራምባ ሸለቆ የሚገኘው የድንጋይ ከተማ ፍርስራሽ፣ ከመስጊዱ አግዳሚ እንጨት በተወሰደው ናሙና መሠረት፣ ዕድሜው ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት አይበልጥም። የኖሩበትም መንገደኛ ነጋዴዎች ሲሆኑ ቆይታቸው ከሁለት ትውልድ ያነሰ ነው" ይላል ወረቀቱ። ከሥሩ የዶክተር ረድዋን አደም ፊርማ አለ። ከፊርማው በታች ደግሞ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ ቦታው የጥንት ቅርስ ሆኖ ስላልተገኘ ከሐሙስ ጀምሮ ለመንገድ ሥራ የድንጋይ ካባ ይሆናል። እሁድ ጠዋት ተመራማሪው ራሳቸው ለሕዝቡ ያስረዳሉ።

ወረቀቱን ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ገንጥላ ነው ያመጣችው። አሁን በሸዋ ሮቢት አንድ ትምህርት ቤት፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች። የጣሪያው ማራገቢያ ያንኑ ትኩስ አየር መልሶ መላልሶ ያዞረዋል። የታሪክ መምህርቷ ሳሊሃ ኸድር ግን ላቧን እንኳ አልጠረገችም።

"መንገደኛ ነጋዴዎች!" አለች ጮክ ብላ።

አጠገቧ ፈተና ታርም የነበረችው ጓደኛዋ ማህሌት ቀና አለች። "ደግሞ ምን ሆንሽ?"

"ሁለት ትውልድ እንኳ አልኖሩም አለን። ቅድመ አያቶቼን እኮ ነው የሚለው! ያን ሁሉ መቃብር ማን ሞላው ታዲያ? መንገደኛ መንገድ ላይ ይህን ያህል ይሞታል?"

ማህሌት ወረቀቱን ተቀብላ ፊርማው ላይ ስትደርስ ፊቷ ተለወጠ። "ሳሊ... ይሄ ረድዋን፣ ያ የኛው ረድዋን ነው?"

"የኛ የሚባል ረድዋን የለም" አለችና ወረቀቱን ነጠቀቻት። እንዲህ ስትል ግን ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ተሰነጠቀ። ያበሳጫትም ይሄው ነው። በዚህ ሰው ላይ መቆጣት ሲገባት፣ ልቧ ቀድሞ ሊያለቅስለት ተነሣ።

* * *

ረድዋን ጎራምባ የመጣው የዛሬ ስምንት ወር ነበር። ድንኳንና ሲባጎ፣ ትንንሽ ብሩሾችና አንድ ካርቶን ሙሉ የናሙና ከረጢት ይዞ መጣ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው። አባቱ መርካቶ ውስጥ ፎቅ አላቸው፣ እሱም ውጭ አገር ተምሮ ዶክተር ተብሎ ተመልሷል። የሳሊሃ አባት ሼህ ኸድር የፍርስራሹ ጠባቂ ናቸው። እንግዳ ሜዳ ላይ አያድርም ብለው ከግቢያቸው ጓሮ አሰፈሩት። ሦስት ወር ሙሉ የሙሀባን፣ የሳሊሃን እናት ማለት ነው፣ የማሽላ ገንፎና የማሾ ወጥ በላ። ሲጠግብ "አልሐምዱሊላህ" ይላል፣ ሙሀባ ግን ገና ነህ ብላ ትጨምርለታለች።

ሳሊሃ ለእረፍት ወደ ቤቷ ስትመጣ፣ እጅ ጽሑፏ ያምራል ተብሎ የናሙና መለያ ወረቀት መጻፍ የእሷ ሥራ ሆነ። በየከረጢቱ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ወረቀት ናት። ቦታ፣ ጥልቀት፣ ዘመን የሚሉ ሦስት መስመሮች ብቻ አሏት። በሦስተኛው ሳምንት አንዱን ከረጢት ስትከፍት ውስጡ አፈርም ሸክላም የለም። ወረቀቷ ብቻ አለች፣ በእሱ የተጣመመ ጽሑፍ።

"ቦታ፦ ከሾላው ሥር። ጥልቀት፦ ገና አልተቆፈረም። ዘመን፦ ካየሁሽ ሦስት ሳምንት።"

ሳቀችና ደበቀቻት። በማግስቱ በሌላ ከረጢት መለሰችለት። "ቦታ፦ የሼህ ኸድር ግቢ። ጥልቀት፦ ቁፋሮው ያለ ፈቃድ ነው። ዘመን፦ አትቸኩል።" ሸለቆው ውስጥ ስልክ አይሠራም፤ ቢሠራም ኖሮ ሁለቱም ከዚያች ከረጢት ውጭ በሌላ አይጻጻፉም ነበር። የእሱ ደብዳቤዎች ብቻ አርባ ሁለት ደረሱ። በአርባ ሁለተኛው ላይ "የላቦራቶሪው ውጤት እንደመጣ ሽማግሌ እልካለሁ" ብሎ ጻፈ።

እዚህ ላይ ስለ እንጨቶቹ መናገር ግድ ነው፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በእነሱ ነውና።

የጎራምባ መስጊድ ጣሪያ የለውም። ግንቡ ግን ቆሟል፣ በግንቡ ላይም ከዳር እስከ ዳር ሰባት የወይራ አግዳሚዎች ተጋድመዋል። ዝናብና ምስጥ እንጨት አይምሩም። ስለዚህ የጠባቂው ቤት ልጅ ባገባች ቁጥር ሙሽራው ከጣርማ በር ተዳፋት ወይራ አውርዶ፣ ከሁሉም ያረጀውን አግዳሚ በአዲሱ ይተካል። አዲሱ እንጨት በሙሽራዋ ስም ይጠራል። የወረደው አሮጌም አይማገድም፤ ከመስጊዱ ሥር ባለች ዋሻ ውስጥ በተራው ይጋደማል። ጥበቃውም የሚተላለፈው በሴት ልጅ በኩል ነው። ሼህ ኸድር ራሳቸው በጊዜያቸው ሙሽራ ሆነው ተሸክመዋል። የትኛው እንጨት የማን እንደሆነ ግን የሚያውቁት ሴቶቹ ብቻ ናቸው፣ ስሞቹን እናት ለልጇ በቃል ታስጠናለች።

ሌላም ሕግ አለው። ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች ቀን ጀምሮ የእንጨቶቹ ቃል የእሷ ይሆናል። እናትም አባትም ጎረቤትም አይናገሩም። እሷም ቃሉን የምትከፍተው ሽማግሌ ልኮ ለጠየቃት ወንድ ነው። ሳትጠየቅ የተናገረች እንደሆነ፣ ራሷን ሰጠች፣ ውሰደኝ አለች ማለት ነው። ይህን በጎራምባ የማያውቅ ሰው የለም።

ረድዋን ግን አያውቅም። ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ሼህ ኸድርን አስፈቅዶ ከአንዱ አግዳሚ ጫፍ ቁራጭ በመጋዝ ወሰደ። ዕድሜው ስንት ይሆናል ብሎ ሲጠይቃቸው "ይሄን እንኳ ሴቶቹ ናቸው የሚያውቁት፣ እነሱን ጠይቅ" አሉት። እሱም ፈገግ አለና ቁራጩን በፎይል ጠቀለለው። ማስታወሻው ላይ "አይታወቅም" ብሎ ሲጽፍ ሳሊሃ በትከሻው በኩል አየች።

የቆረጠው የሐቢባን እንጨት ነበር። የሳሊሃ ቅድመ አያት እናት የሐቢባን። ዕድሜው የአራት ትውልድ ብቻ!

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ። ብትናገር ያለ ሽማግሌ ራሷን ልትሰጥ ነው። ይልካል፣ ሲልክ እነግረዋለሁ፣ አብረን እንስቃለን ብላ ዋጠችው። እናቷን ቢጠይቅማ ኖሮ ሙሀባ "ለልጄ ሽማግሌ ላክና ትሰማለህ" ትለው ነበር፣ እሱም የሚመኘው ይህንኑ ነበር። አልጠየቀም። ሄደ። አምስት ወር ሙሉ ከረጢትም ሽማግሌም አልመጣም፤ የመጣው ይህ ወረቀት ነው። ሳሊሃ አርባ ሁለቱን ደብዳቤዎች የደበቀችበትን ሣጥን ሊያቃጥላት እንደሚችል ነገር ከሩቅ ታየው ጀመር።

* * *

እሁድ ጠዋት ከወንዙ ዳር፣ ከትልቁ ሾላ ሥር የጎራምባ ሰው ተሰበሰበ። ከቀወት መንደሮችም ብዙ ሰው መጥቷል፤ ክርስቲያኑም ቢሆን ፍርስራሹን የአካባቢው ኩራት አድርጎ ነው የሚያየው። ከጠረጴዛው ኋላ የካባው ሥራ ኃላፊ ተቀምጧል። ከጎኑ ረድዋን አለ።

ከስቷል። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። እንደተቀመጠ ዓይኑ በሕዝቡ መካከል ዞረ፣ ዞረና ሴቶቹ የተቀመጡበት ጋ ሲደርስ ቆመ። ሳሊሃ አፍጥጣ አየችው። ፊቱን ቶሎ ወደ ወረቀቱ መለሰ። ፈሪ፣ አለች በልቧ። አርባ ሁለት ጊዜ የጻፈ እጅ አንድ ጊዜ ቀና ማለት ያቅተዋል?

ሪፖርቱን ዝቅ ባለ ድምፅ አነበበው። "ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት አይበልጥም" ሲል ከሽማግሌዎቹ መካከል አንዱ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ።

"እና አባቶቻችን ዋሹን ነው የምትለን? እዚህ ሸለቆ ስምንት መቶ ዓመት ተኖሯል ያሉን ለጨዋታ ነው?"

"ዋሹ አላልኩም አባቴ። ሳይንሱ የሚያሳየው ግን..."

"ሳይንሱ!" አለች ሳሊሃ፣ ለራሷ ብላ። ግን ሁሉም ሰማት።

ሙሀባ የልጇን ቀሚስ ጫፍ ያዘች። "ልጄ፣ አስቢበት። ይህን ከተናገርሽ የሚመልሰው የለም። ሽማግሌ እንኳ አልላከ፣ መሳቂያ ያደርጉሻል።"

ሳሊሃ ከወንዙ ማዶ ያለውን ፍርስራሽ አየች። ከዳገቱ ሥር ቢጫ ዶዘር ቆሟል። ዝም ብትል ክብሯ ይተርፋል፤ ሐሙስ ግን ያ ነገር መቃብሩንም፣ መስጊዱንም፣ ዋሻውንም ይገለብጠዋል። ብትናገር ከተማው ይተርፍ ይሆናል፤ እሷ ግን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ለማይፈልጋት ሰው ራሷን የሰጠች ትባላለች። እድሜ ልኳን።

"አስቤበታለሁ እማ። አምስት ወር ሙሉ አስቤበታለሁ" አለችና ቀሚሷን አስለቅቃ ተነሣች።

"ዶክተር፣ ጥያቄ አለኝ።"

ረድዋን የሚይዝ የሚጨብጠው ጠፋው። "እ... ይጠይቁ፣ መምህርት።"

"ናሙና የወሰዱት ከስንት እንጨት ነው?"

"ከአንድ።"

"መስጊዱ ላይ ያለው ስንት ነው?"

"ሰባት።"

"ከየትኛው ወሰዱ?"

"ከቂብላው በኩል... ሦስተኛው።"

"ዕድሜውን አባቴን ጠይቀዋቸው ነበር?"

"ጠይቄያለሁ።"

"ምን አሉዎት?"

መነጽሩን አወለቀ። ጠረገው። መልሶ አደረገው። "ሴቶቹን ጠይቅ አሉኝ።"

"ሴቶቹን ጠየቁ?"

የሾላው ቅጠል ሲንሿሿ ይሰማል። ረድዋን ሪፖርቱን ማገላበጥ ጀመረ። ያን ጊዜ የሳሊሃ ትዕግሥት አለቀ፣ አንቱታውም አብሮ አለቀ።

"ሦስት ወር እናቴ ቤት በላህ! ማሾው ጨው በዛበት ወይ፣ ገንፎው ቀዘቀዘብህ ወይ እያለች ስትንከባከብህ ከረመች። እንጨትህን ባሕር ማዶ ላክህ። እዚያ ያለ ማሽን ጠየቅህ። ሁለት ክንድ ርቃ የተቀመጠችውን እናቴን ግን አልጠየቅህም! ምን ታውቃለች ብለህ ነው፣ አይደል? ፊደል አልቆጠረችም፣ ማሾ ትለቅማለች፣ እሷ ምን ታውቃለች!"

"ሳሊሃ፣ እኔ እንደዚያ አላሰብ..."

"ዝም በል፣ አልጨረስኩም! ያ የቆረጥኸው እንጨት ከተማው የተሠራበት አይደለም። የሐቢባ እንጨት ነው! ሐቢባ የቅድመ አያቴ እናት ናት። ስታገባ ባሏ ከጣርማ በር በትከሻው አምጥቶ የሰቀለው ነው። አጠገቡ ያለው የልጇ ነው። በበሩ በኩል ያለው የእናቴ ነው፣ አባቴ የተሸከመው። ከእነሱ በፊት የነበሩት ወርደው ከሥር ተጋድመዋል፣ ሃያ ናቸው። ሃያውንም በስማቸው እጠራልሃለሁ! ደግሞ መንገደኛ አልኸን። መንገደኛ ለልጁ ሰርግ እንጨት ይሰቅላል?"

የመጨረሻው ቃል ከአፏ ሲወጣ አንዲት ሴት እልል ልትል ጀምራ አፏን በእጇ ያዘች። ሙሀባ ሻሽዋን ፊቷ ላይ ጎተተች። ሼህ ኸድር ዓይናቸውን ጨፍነው "ላ ሐውለ ወላ ቁወተ" አሉ በሹክሹክታ።

ይህ ሁሉ ሰው ለምን እንደደነገጠ ያልገባው አንድ ረድዋን ብቻ ነበር። እሱ ገና እንጨቱ ላይ ነው። ፊቱ አመድ መስሎ ከጠረጴዛው ኋላ ወጣ።

"ተተክቷል ማለት ነው" አለ። "በየትውልዱ ይተካል ማለት ነው። ያ ረቢ! እኔ የለካሁት የከተማውን ዘመን አይደለም። የአንድ ሰርግ ዕድሜ ነው የለካሁት!"

"እንጨቱስ ገባህ ልጄ" አሉት ሼህ ኸድር ቀስ ብለው። "ልጄ ያለችህ ግን አልገባህም። በእኛ ቤት ይህን ቃል ሴት ልጅ የምትናገረው ለሚያገባት ወንድ ነው። ሽማግሌ ሲመጣ ነው የሚነገረው። አንተ አልላክህም። እሷ ተናገረች። ይሄ ሁሉ ሰው ሰምቷል።"

ረድዋን ዞሮ አያት። ቀስ እያለ ሲገባው ከፊቱ ላይ አነበበችው፤ ያንን እያዩ መቆም ከሁሉም ባሰ።

"ለድንጋዩ ነው!" ጮኸች። "ለመቃብሩ ብዬ ነው የተናገርኩት፣ ላንተ ብዬ አይደለም! እንዳይመስልህ!" ድምፅዋ ግን መሐል ላይ ተቆረጠ፣ ማንም አላመናትም።

የካባው ኃላፊ ጉሮሮውን ጠረገ። "የሰርጉን ነገር በኋላ ትደርሱበታላችሁ። እኔ የተፈረመ ሪፖርት አለኝ። ዶዘር በወሬ አይቆምም።"

"በወሬ አይደለም" አለ ረድዋን። ሪፖርቱን ከኃላፊው እጅ ወስዶ ገለበጠውና እንደቆመ በጀርባው ላይ ጻፈ። ከዚያ ጮክ ብሎ አነበበው። "ይህ ሪፖርት ስህተት ነው፣ ስህተቱም የእኔ ነው። የጎራምባ ከተማ መቼ እንደተመሠረተ፣ ስንት ዘመንም እንደተኖረበት አላውቅም። ተጣርቶ እስኪታወቅ አንድ ድንጋይ እንዳይነሣ አሳስባለሁ።" ፈረመበት።

"ይሄን ያዩ አለቆችዎ ነገም ዶክተር ብለው የሚጠሩዎት ይመስልዎታል?" አለው ኃላፊው።

"አላውቅም አልኩ እኮ።"

ኃላፊው ወረቀቱን ደጋግሞ አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ አጣጥፎ ኪሱ ከተተውና ዶዘሩ ይመለስ ዘንድ በእጁ ምልክት ሰጠ። ያን ጊዜ እልልታው ቀለጠ። ሳሊሃ ግን አልሰማችውም። በአርባ ሁለት ደብዳቤ ስንት የሚያምር ነገር ጽፎላት ነበር። አንዱም ግን አሁን በሰው ሁሉ ፊት እንዳለው "አላውቅም" አልጣፈጣትም። ስለጣፈጣት ደግሞ ይበልጥ ተናደደች።

* * *

ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላት እንዳበቃ ሙሀባ የዋሻውን አፍ የዘጋውን ድንጋይ አስነሣች። ቃሉ አንዴ ወጥቷል፣ ከእንግዲህ የሚደበቅ ነገር የለም።

እንጨቶቹ ጎን ለጎን ተጋድመዋል። ከመግቢያው ያሉት ገና ጠንካራ ናቸው። ወደ ውስጥ በገቡ ቁጥር ይሳሳሉ፤ የመጨረሻዎቹ ቅርጻቸው ብቻ ነው የቀረው፣ ቢነኩ የሚፈርሱ ናቸው። ረድዋን በጉልበቱ ተንበርክኮ አያቸው። እጁን ግን አልዘረጋም።

ሳሊሃ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ሲወጣ መንገዱን ዘጋችበት።

"ለምን አልጻፍክልኝም?"

"ምን ብዬ ልጻፍልሽ? ውጤቱ ሲመጣ አባትሽ ታዩኝ። በሁለት መስመር ከአያቶቻቸው ቆረጥኳቸው። ከዚያ ሽማግሌ ልኬ ልጅዎን ስጡኝ ልበል? በምን ዓይኔ?"

"እና ዝም አልክ።"

"አፍሬ ዝም አልኩ።"

"እኔ ደግሞ ኮርቼ ዝም አልኩ። ብትልክ እነግርህ ነበር። ብነግርህ ቁጥሩ አይሳሳትም ነበር። ቁጥሩ ባይሳሳት አታፍርም ነበር!" እያለቀሰች መሆኗ የገባት አሁን ነው። "ሁለት የተማርን ሰዎች፣ አንዳችን ስናፍር አንዳችን ስንኮራ፣ ይሄ ሁሉ ዘመን በዶዘር ሊዛቅ ነበር! ይቅር አልልህም። ለራሴም ይቅር አልልም።"

"አትበይ" አለ። "አትበይኝ። ግን እስከ መቼ እንደምትቆጪኝ ልወቅ።" ከሸሚዙ ኪስ አንዲት የናሙና ወረቀት አውጥቶ ዘረጋላት። ጠርዟ ተበልቷል፣ ብዙ ጊዜ ኪሱ ውስጥ የኖረች ናት። ሁለቱ መስመሮች ተሞልተዋል። "ቦታ፦ ጎራምባ። ጥልቀት፦ እስከ መጨረሻው።" ሦስተኛው መስመር ባዶ ነው።

"አምስት ወር ሙሉ ዘመኑን የሚሞላልኝ አጣሁ። አንቺ ሙይልኝ።"

ወረቀቷን ተቀበለችው። እስክሪብቶውንም ከእጁ ነጠቀችው። በግንቡ ላይ አስደግፋ፣ በዚያ በሚያምር ጽሑፏ፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጭና ጻፈች።

"ዘመን፦ እናቴን ጠይቅ።"

አነበበው። እስክሪብቶውን ተቀበላት፤ ቀና ብሎ ግን አላያትም። በቀጥታ ሄዶ ሙሀባ ከተቀመጠችበት ድንጋይ ፊት፣ አቧራው ላይ ቁጭ አለ። የመርካቶው ባለፎቅ ልጅ ሱሪው ነጭ ነበር።

"እማማ ሙሀባ፣ በድያለሁ። ቀድሜ እርስዎን መጠየቅ ነበረብኝ። እነዚህ እንጨቶች የማን የማን ናቸው? ስንት ዘመን ነው? እባክዎን ይንገሩኝ።"

ሙሀባ ቁልቁል አየችው። ሦስት ወር ያጎረሰችው ልጅ ነው፣ ተቀይማው ነበር፣ ቅያሜዋም ገና አልወጣላትም። "አሁን ጠየቅህ" አለችው። "በል፣ ጻፍ። አልደግምልህም።"

በትሯን ወደ ዋሻው ጥግ ቀሰረች። "ሐዋ" አለች። "ሐዋ የመጀመሪያዋ ናት። እሷ ስታገባ ከተማው ቆሞ ነበር፣ ገበያውም ደምቆ ነበር ይባላል። ከሐዋ ዘሀራ። ከዘሀራ መይሙና። ከመይሙና ሩቅያ..."

ረድዋን ማስታወሻውን አውጥቶ ጻፈ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ቁጥር ያስቀምጣል። ሳሊሃ ከኋላው ቆማ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ፊደል ከመቁጠሯ በፊት ያጠናችው ነው። ስሞቹ ከዋሻው ወጥተው ወደ ግንቡ ተሻገሩ። ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት። "ሐቢባ" ስትል የረድዋን እጅ ለአፍታ ቆመ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደ ይቅርታ፣ በትልቁ ጻፈው። ሃያ አራት። ሃያው ከሰባቱ ጋር፣ ለአንድ ትውልድ ሃያ አምስት ዓመት እንኳ ቢታሰብ ወደ ሰባት መቶ ዓመት ይጠጋል። የከተማው መነሻ ደግሞ ከሐዋም ይቀድማል። ግን አሁን ቁጥር አልተናገረም፤ ተምሯል።

"ዘይነባ" አለች ሙሀባ። "ከዘይነባ ሙሀባ።"

ሃያ ሰባት። ሳሊሃ መስማት ከጀመረችበት ቀን አንስቶ እናቷ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው የምታቆመው። ስሟን ትላለች፣ እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች፣ ያበቃል። ረድዋንም አበቃ ብሎ ማስታወሻውን ሊያጥፍ ነበር።

ሙሀባ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ከዚያ ከረድዋን ኋላ የቆመችውን ልጇን አየቻት።

"ከሙሀባ ሳሊሃ" አለች።

ሼህ ኸድር ከግንቡ ጥላ ሥር ሆነው "ቢስሚላህ" አሉ። ረድዋን እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አስነክቶ እንደያዘ ቀረ።

"ምን ታፈጣለህ? ጻፈው እንጂ!" አለችው ሳሊሃ፣ እንባዋን በሻሽዋ ጫፍ እየጠረገች፣ አሁንም እንደተቆጣች። "ደግሞ ይሄንንም እንዳትሳሳት። በትክክል ጻፈው!"